«የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ»ና የደጋው ክረምት
(በስምጥ ሸለቆ ከተሞችና በአርሲ ተራሮች የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ላይ የቀረበ ሒስ)

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍን ነው። ይኸውም ሁሉንም ዓይነት አይደለም። ከቢሾፍቱ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ወደ ደራና ወደ አሰላ የሚወጣውን መንገድ፥ እንዲሁም ከሞጆ ተገንጥሎ በዝዋይ፥ ዛሬ ባቱ በሚባለው ከተማ፥ አልፎ ወደ ላንጋኖ የሚወርደውን መንገድ ተከትለው ለአገር ጎብኚ ተብለው የተነሡትን፥ በሆቴል ግድግዳ፥ በቀን መቁጠሪያና በማስታወቂያ ላይ ሁልጊዜ የምናያቸውን ሥዕሎች ነው። እነዚህ ሥዕሎች ያማሩ መሆናቸውን አንክድም። የምንከራከራቸው ከሁለት ነገር ስለሚሸሹ ነው፤ አንደኛው ክረምት ነው፥ ሁለተኛው ሰው ነው። ጉዳዩ የውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሥዕል ሰዎች ትተነው ባለፍን ነበር። ነገር ግን ዛሬ ለጎብኚ የተነሣው ፎቶግራፍ ነገ በተማሪው ጥናት ውስጥ ማስረጃ ሆኖ ይገባል፤ ከነገ ወዲያም የአንድ ፓርክ ወሰን የት መሆን እንደሚገባው፥ ማን በውስጡ መኖር እንደሚገባው ሲወሰን በጠረጴዛው ላይ ይገኛል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በትምህርት ቤት የእንግሊዝኛውን «ዊንተር» «ክረምት» ብለን መተርጎም ተምረናል። ትርጉሙ ግን ከመዝገበ ቃላቱ ወጥቶ ተራራ ላይ ሲደርስ አይሠራም። የአልፕስ ተራሮች ክረምት ነጭ ነው፥ የኛ ክረምት ግን ጥቁር ደመናና ጭቃ ነው። የአልፕሱ ክረምት ጎብኚ የሚጎርፍበት ወራት ሲሆን የኛው ጎብኚ የሚሸሽበት ነው። ውርጩ ራሱ በአገራችን የሚመጣው በክረምት ሳይሆን በበጋ፥ ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በባሌው ሳነቴ አምባ ላይ የቆመ ሰው ጅብራው አመዳይ ለብሶ ያየዋል፤ ፀሐይ ጥቂት ከፍ ስትል ግን ነጩ ሁሉ ይጠፋና ሣሩ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፥ በፈረንጅ አገር እንደ ጥጥ የሚዘንበውንም፥ የረጋውንም ውሃ «በረዶ» በሚል በአንድ ቃል ጠቅልሎ ሲጠራ፥ ለውርጭና ለአመዳይ ግን ለየብቻ ስም ሰጥቷል። ቋንቋው የሚያውቀውን ያውቃል።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ደጋ የ«ዊንተር» ሥዕል ማንሣት የፈለገ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ወይ በበጋ ንጋት ተነሥቶ አመዳዩን መጠበቅ፥ ወይም በሐምሌና በነሐሴ ወጥቶ እውነተኛውን ክረምት፥ ይኸውም ጉሙን፥ በረዶ ያረፈበትን የገብስ ማሳ፥ የሞላውን ወንዝና በጭቃ የተያዘውን መኪና ማንሣት ነው። የመጀመሪያውን ጥቂቶች ይሠሩታል። ሁለተኛውን የሚሠራ ከስንት አንድ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ ዝናብ ለካሜራ አለመመቸቱ ብቻ አይመስለንም። የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት በ1961 ሲቋቋም በመሪነቱ ላይ የነበሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ለዓለም አሰሙ፤ ፖስተሮቹም በየአገሩ ተሰቀሉ። ይህ መፈክር የብልህ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም። ጳጉሜን፥ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ያላትን ትንሽ ወር፥ ከቀን መቁጠሪያችን አውጥቶ የአገር መለያ አደረጋት። ለአገሪቱ የጉብኝት ሥራ መሠረት የጣሉት እርሳቸው ስለ ሆኑ ስማቸውን በክብር እንጠራለን። ይሁን እንጂ መፈክሩ አሥራ ሦስተኛውን ወር ሲጨምር ሦስቱን ወራት በዝምታ ሰርዟል። ሐምሌ ፀሐይ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ የፎቶግራፍ አንሺው ዓመት በመስከረም አበባ ጀምሮ በግንቦት ያበቃል፤ የቀረው ጊዜ ካሜራ የሚጠረግበት ነው። መፈክሩ በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው ሲተካ ፀሐይዋ ቀረች፤ የሥዕሉ ልማድ ግን ከመፈክሩ ይልቅ ዕድሜው ረዝሞ እስከ ዛሬ አለ። አዲሱም መፈክር ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፤ አገሩን የጥንት አገር ብሎ ሲጠራ ፎቶግራፍ አንሺው ከሥዕሉ ውስጥ የዛሬውን፥ የቆርቆሮውን ጣሪያና የኤሌክትሪኩን ምሰሶ፥ እንዲያወጣ ይገፋፋዋል።

ከዚህ ልማድ ውጭ የሆነ አንድ ቦታ አለ፤ ቢሾፍቱ ነው። በሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ሲከበር ሥዕሉን ያለ ሰው ማንሣት የሚችል የለም፤ ሐይቁ በሰው ተከቦ፥ እርጥብ ሣርና አበባ የያዘ እጅ ወደ ውሃው ተዘርግቶ ይታያል። ልብ ብለን ካየነው በዓሉ ስለ ክረምቱ ማለፍ ምስጋና የሚቀርብበት ስለ ሆነ ክረምት ራሱ በሥዕሉ ውስጥ አለ። ስለዚህ ይህ ፎቶግራፍ ሐይቁ ለምን እንደ ተወደደ ይነግረናል። በሌላው ቀን ከዚያው ከተማ ሆቴሎች ሰገነት ላይ የሚነሣው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ሥዕል ግን ሰማያዊ ውሃ፥ አንድ ባዶ ወንበርና የመጠጥ ብርጭቆ ነው። ወንበሩ ማንን እንደሚጠብቅ ግልጽ ነው፤ ከፍሎ የሚመጣውን እንግዳ ነው። ባዶ መልክዓ ምድር ሁልጊዜ ባዶ አይደለም፥ አስቀድሞ የተያዘ ቦታ ነው።

ስለ አልፕስ ተራሮች ከተነሣን፥ እነዚያ ተራሮች ወደኛ የደረሱት በመጽሐፍ ሳይሆን በሻይ ቤት ግድግዳ መሆኑን መዘንጋት የለብንም። በደራም ሆነ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት ትንንሽ ከተሞች ሻይ ቤት የገባ ሰው ያንን የታወቀ ሥዕል ሳያየው አይቀርም፤ በረዶ የለበሰ ጫፍ፥ ከሥሩ እንደ መስታወት የረጋ ሐይቅ፥ በዳር አበባ የተደረደረበት የእንጨት ቤት። ሰው የለበትም። ከበሩ ውጭ ደግሞ በስተደቡብ የአርሲ ተራሮች አሉ፤ ጭላሎ ከፍታው ከአልፕስ ተራሮች ብዙዎቹን የሚያስንቅ ሲሆን እርሱን ፎቶግራፍ አንሥቶ የሰቀለ ሻይ ቤት ግን አላየንም። በዚህ ባለ ሻይ ቤቱን ለመውቀስ የሚቸኩል ይኖር ይሆናል። እኛ አንወቅስም። ደራ የምትገኘው ዝናብ በሚያጥርበት በዶዶታ ቆላ ውስጥ ነው፤ ደመናው ወደ ተራራው ሲያልፍ ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው አረንጓዴና ውሃ የሞላበት ሥዕል ቢሰቅል ምኞቱን ሰቀለ እንጂ አገሩን ናቀ አያሰኘውም። በፎቶ ቤቶች ውስጥ በቀለም በተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆመን የተነሣንም ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። ምኞት መሆኑ የታወቀ ሥዕል አያታልልም። የሚያታልለው እውነት ነኝ ብሎ የሚመጣው ነው።

በአልፕስ አገሮች ግን ያንን የሻይ ቤት ሥዕል ታላላቆቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከተዉት ቆይተዋል። በ1975 በአሜሪካ ሮቼስተር ከተማ በጆርጅ ኢስትማን ቤተ መዘክር የተከፈተው «ኒው ቶፖግራፊክስ» የተባለው ኤግዚቢሽን ሰው የለወጠውን መልክዓ ምድር፥ የመኪና ማቆሚያውን፥ አዲስ የተሠራውን መንደርና የፋብሪካ ግድግዳ፥ ያለ ማጋነንና ያለ ማሳመር አቅርቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቦልዛኖ በ1952 የተወለደው ቫልተር ኒደርማየር ወደ ተራሮቹ ወጥቶ ስኪ የሚንሸራተቱትን ሰዎች በሰፊው ነጭ ላይ እንደ ጉንዳን አሳንሶ፥ አንዱን ቦታ በብዙ ቁራጭ ሥዕሎች ከፋፍሎ አሳየ። የቲሮሉ ተወላጅ ሎይስ ሄኸንብላይክነር ደግሞ ቁጡ ነው። እርሱ የሚያነሣው የሽቦ ላይ ወንበሮችን፥ ሰው ሠራሽ በረዶ የሚተፉትን መድፎች፥ ከድግስ በኋላ በበረዶው ላይ የቀረውን ጠርሙስና ቆሻሻ ነው፤ በ2020 «ኢሽግል» ብሎ ያወጣው መጽሐፍ በዚያ ስም የሚጠራውን የስኪ ከተማ ጭፈራና ስካር ያለ ምሕረት ገልጦታል።

ከሁለቱ ብንመርጥ ኒደርማየርን እንመርጣለን። ሄኸንብላይክነር ጥፋተኛውን አስቀድሞ ያውቃል፥ ሥዕሉም ፍርዱን ለማንበብ ብቻ የተሰበሰበ ማስረጃ ይመስላል፤ ሰካራሙን ካየን በኋላ የምናየው ሌላ ነገር አይተርፍም። ኒደርማየር ግን እንድንቆጥር ያደርገናል፤ ሰዎቹ ስንት ናቸው? ወዴት ይሄዳሉ? ተራራው የት ይጀምራል፥ መንገዱስ የት ያበቃል? ሁለቱንም ያስነሣቸው እውነት ግን አንድ ነው፤ በዚያ አገር ጎብኚው በረዶውን ለማየት ይመጣል፥ በረዶው ሲያንስ ለጎብኚው ሲባል በመኪና ይሠራል። በስዊዘርላንድ የሮን ግግር በረዶ ላይ ሙቀት እንዳያቀልጠው በበጋ ነጭ ጨርቅ ይለብሳል፤ በውስጡ ለጎብኚ የተፈለፈለ ዋሻ አለና። ተራራው የተፈጥሮ ነው፥ ክረምቱ ግን በከፊል የፋብሪካ ሆኗል።

ይህንን ያነሣነው የሩቅ አገር ወሬ ለማውራት አይደለም። በኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተመሳሳዩ ነገር ሰፊ ነውና። ከአዳማ ብዙ ሳይርቅ ያለው የቆቃ ሐይቅ በጎብኚ ሥዕል ውስጥ ጉማሬና ወፍ ያለበት የተፈጥሮ ውሃ ሆኖ ይቀርባል። ሐይቁ ግን በ1960 የአዋሽ ወንዝ በግድብ ተገድቦ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ የግድቡም ገንዘብ ኢጣልያ ለጦርነቱ ከከፈለችው ካሣ የወጣ ነው። ከውሃው ሥር እርሻና ግጦሽ የነበረ ሜዳ አለ። ስለዚህ በቆቃ ዳር ፀሐይ ስትጠልቅ የሚነሣው ለስላሳ ሥዕል የወንዝ፥ የጦርነት ካሣና የመብራት ሥዕል ነው፤ ይህን ሁሉ ግን አንዱም መግለጫ ጽሑፍ አይናገርም። በመተሐራ በኩል ደግሞ ታሪኩ ተገልብጦ ይገኛል። የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የነበረ ሲሆን በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ እስከ መፈታተን ደርሷል። ለመስፋቱ የመስኖ እርሻ ትርፍ ውሃና የከርሰ ምድር ውሃ መጨመር በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። በመኪና የሚያልፈው ጎብኚ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ውሃውን አጣምሮ አንሥቶ «ድንቅ ተፈጥሮ» ብሎ ይጽፍበታል፤ እዚያው የግጦሽ መሬቱ በጨዋማ ውሃ ለተወሰደበት ከብት አርቢ ድንቁ ሌላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሳዝነው የአቢጃታ ነው። አቢጃታና ሻላ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ባሕርያቸው የተለያየ ነው። ሻላ 266 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፥ በተራራ መካከል የተቀመጠ ሐይቅ ነው፤ አቢጃታ ግን እንደ ሳሕን የተዘረጋ ስለ ሆነ ውሃው ትንሽ ሲቀንስ ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። ውሃ የሚያገኘው በቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ፥ በሆራ ቀሎ ወንዝ ደግሞ ከላንጋኖ ነው። ከላይ ውሃው ለመስኖ ሲጠለፍ፥ ከ1980ዎቹ ወዲህም ከሐይቁ ራሱ ለሶዳ አመድ ፋብሪካ ሲቀዳ፥ ሐይቁ እየሸሸና ጨውነቱ እየበረታ ሄደ። ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ከጎረቤት ሐይቅ ዓሣ ያመጡ የነበሩት ምግባቸውን ከሩቅ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ፍላሚንጎው ግን ጨውና ጥቃቅን ዋቅላሚ ስለሚስማማው አልሄደም። አሁን ፎቶግራፍ አንሺው ምን ያነሣል? ፍላሚንጎውን ነው! ሮዝ ቀለም ያለው ወፍ በነጭ ዳርቻ ላይ ቆሞ በጣም ያምራል። ነጩ ዳርቻ ግን ትናንት የሐይቁ ወለል የነበረው ነው። በየቀን መቁጠሪያው ላይ የምናደንቀው ነጭነት የጠፋ ውሃ ምልክት መሆኑን ከሥዕሉ ማወቅ አይቻልም። ለአልፕስ ነጩ በረዶ የሚፈለግ ሀብት ነው፤ ለአቢጃታ ነጩ ዕዳ ነው። ካሜራው ሁለቱንም እኩል ያሳምራቸዋል።

በዚያው ፓርክ ውስጥ ብዙ ሕዝብ ይኖራል፥ ከብት ይግጣል፥ ግራር ለከሰል ይቆረጣል፥ አሸዋ ይዛቃል። ፎቶግራፍ አንሺው ይህን ሁሉ እያየ ያልፋል፤ ወደ ውሃው ሲደርስ ካሜራውን ያወጣል። ሲመለስ ያስገባዋል። በዚህ አኳኋን የተሰበሰበ ሥዕል ሁለት ተቃራኒ ወገኖችን እኩል ያሳስታል። ፓርኩ ደኅና ነው የሚለውም፥ ሕዝቡ ባዕድ ነው የሚለውም ከዚያው ሥዕል ይጠቅሳል።

ወደ ደራ እንመለስ። በአጠገቧ ያለው ድልፈቃር በ2011 የተቋቋመው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንዱ ክፍል ነው። ሌሎቹ ክፍሎች፥ ጭላሎና ገለማ፥ ካካ፥ ሁንቆሎ፥ በደጋው ላይ ያሉ ሲሆኑ ድልፈቃር ብቻውን የቆላ ግራር ዱር ነው፤ የሚታወቀውም በአጋዘኑ ነው። እዚህ የሚነሡት ሥዕሎች አንድ ዓይነት ናቸው። አጋዘኑ በረጅም ሌንስ ቀርቦ፥ ቀንዱ ተጠማዝዞ፥ ጀርባው ሁሉ ደብዝዞ ይታያል። ስለ ረጅም ሌንስ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ይህ ሌንስ እንስሳውን ሲያቀርብ የቀረውን ዓለም ያደበዝዛል፤ ከአጋዘኑ በስተኋላ የሚሄደው እረኛ፥ የግራሩ ጉቶ፥ ከመንገዱ ዳር የተደረደረው የከሰል ጆንያ ሁሉ ቡናማ ጭጋግ ይሆናል። ሽቦ ሳይዘረጋ አጥር የሚያጥር መሣሪያ ነው ብንል አላጋነንም። የደራን አካባቢ የሚያጠና ሰው ግን የሚያስፈልገው በትክክል ያ የደበዘዘው ነው፤ አጋዘኑና ከብቱ አንዱን ዱር እንዴት እንደሚካፈሉት፥ ዝናቡ በዘገየበት ዓመት ማን ማንን እንደሚገፋ።

ይህ የሥዕል አጥር ከወረቀት አልፎ መሬት ላይ ሊወርድ እንደሚችል የሰሜን ተራሮች ታሪክ ያስረዳል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ በዋልያውና በገደሉ ነው፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቆጠረ፥ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። በመካከሉ በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው የሌለበት የአፍሪካ ተፈጥሮ የሚለው ሐሳብ ከውጭ የመጣ መሆኑን ይህንኑ ፓርክ በምሳሌነት ይዞ ተከራክሯል። በሁሉም ነጥብ ከእርሱ ጋር አንስማማም፤ ዋልያው በጥበቃ መትረፉንና የኢትዮጵያ መንግሥታትም በየዘመናቸው የራሳቸው ዓላማ እንደ ነበራቸው ማቃለል አይገባም። ሆኖም በገብስ ማሳ መካከል የቆመ ዋልያ ሥዕል በጎብኚ መጽሐፍ ውስጥ ስንት ጊዜ አይተናል? ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ እንኳ፥ በሠራተኞችና በስደተኞች ሥዕል ዓለም ያወቀው ሰው፥ በ2008 ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች በእግሩ ከተጓዘ በኋላ ሥዕሎቹን ያወጣው በ2013 በታተመው «ጄነሲስ» ውስጥ ነው፤ ያ መጽሐፍ ገና ያልተነካውን ምድር ለማሳየት የታሰበ ነው። በእግር ተጉዞ የሄደበት ምድር ግን ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ በበሬ የታረሰ ነው። ሥዕሎቹ ታላቅ ናቸው፤ ርእሳቸው ግን ተሳስቷል።

የአርሲ ደጋም እንዲሁ ነው። ከደራ ወጥቶ በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚሄድ ሰው በጥቅምት የሚያየው የስንዴና የገብስ ባሕር የተፈጥሮ ገጽታ አይደለም። በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ካዱ በዚህ ደጋ ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስፋፍቷል፤ የስንዴ ዋጋ ሲያምር ባለ መሬቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኞችን ማስለቀቃቸውም በታሪክ የታወቀ ነው። ለጥ ብሎ የተዘረጋው ማሳ፥ ለካሜራ የሚመቸው፥ ከዚህ ሁሉ የወጣ ነው። በዚህ ደጋ ላይ ሰው ተፈልጎ የሚነሣበት አንድ ዓይነት ሥዕል አለ፥ እርሱም የሯጭ ነው። አሰላ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፥ በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፥ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ስላፈሩ ዛሬ የሩጫ ሥዕል ለማንሣት የሚመጣ እንግዳ አለ። በጉም ውስጥ የሚሮጡት ወጣቶች ሥዕል ከሐይቆቹ ሥዕል ይሻላል፤ ቢያንስ ጉሙን አልሸሸም። ከሯጮቹ ኋላ የሚያርሰው ሰው ግን ለሜዳሊያ ስለማይታሰብ ከጠርዙ ውጭ ይቀራል።

ከአገራችን ፎቶግራፍ አንሺዎች መካከል ይህን ጉዳይ በሌላ አኳኋን የያዙ አሉ። በ2010 የአዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ በ2018 በዳሎል ባነሣችው «ውተር ላይፍ» በተባለው ተከታታይ ሥዕል ጎብኚ የሚጎርፍበትን የጨው ምድር በሴቶች ምስል ሞልታዋለች። የሴቶቹ ገላ ቀለም ተቀብቷል፥ የውሃ መያዣ ይሸከማሉ፥ ልብሳቸው ከምድሩ ጋር ይጣላል። ሥራው በብርቱ የታሰበ ነው፤ ባዶ ነው የሚባለውን ቦታ የውሃ ችግር ያለባቸው ሴቶች ቦታ አድርጎ መልሶታል። ቢሆንም እነዚያ ሴቶች ወደዚያ ቦታ የተወሰዱ እንጂ የዚያ ቦታ አይደሉም፤ ጨው ቆራጩና ግመሉ ከሥዕሉ ውጭ ናቸው። ሚካኤል ጸጋዬ በአዲስ አበባ የፈረሱትን ሰፈሮች ባነሣበት ሥራው ለኛ የቀረበ ትምህርት ይሰጣል፤ ቦታውን ሲያነሣ የሚያሳዝን ወይም የሚያስደስት ነገር አልፈለገም፥ የነበረውን ሳይጠፋ ለመያዝ ሞከረ። ለዝዋይ ዳርቻ፥ ለሶደሬ ፍል ውሃ፥ ለደራ ግራር እንዲህ ያለ ሰው እንፈልጋለን።

እዚህ ላይ ከባልደረቦቻችን አንዳንዱ የሚያነሣውን ተቃውሞ ችላ ማለት አይገባም። ይኸውም ሰውን ከሥዕል ማውጣት ንቀት ሳይሆን መድኃኒት ነበረ የሚለው ነው። ከ1984ቱ ረኃብ በኋላ ዓለም ኢትዮጵያን የሚያውቃት በተሰነጠቀ መሬትና በተራበ ሕፃን ሥዕል ነበር፤ ያንን ሥዕል ለመሻር ባዶ፥ ንጹሕና ሰማያዊ ሐይቅ ማሳየት ተገቢ ነው ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። የተነሣው ሰው ፈቃዱ ሳይጠየቅ ድህነቱ በየአገሩ መዞሩን የሚረሳ ሰው ስለ ፎቶግራፍ መናገር አይገባውም። ሶደሬ ላይ የሚታጠብ ሰው፥ ቡልቡላ ላይ ውሃ የሚቀዳ ልጅ ካሜራ ሲዞርበት ፊቱን ቢያዞር መብቱ ነው። ነገር ግን በረኃብ ሥዕልና በባዶ ሐይቅ መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ በዚያ ቦታ ላይ ሰዎች ይሠራሉ፥ ይነግዳሉ፥ በመኪና ጣቢያ ተሰልፈው ዝናቡ እስኪያባራ በቆርቆሮ ሥር ይቆማሉ። ሁለቱም ሥዕሎች ይህን ቦታ ያልፉታል። አንደኛው ሰውን አሳንሶ ያሳያል፥ ሁለተኛው ከነጭራሹ ያወጣዋል፤ ሁለቱም የተነሡት ለሩቅ ተመልካች ነው።

ሆቴሎቹስ? እንግዳ ካልመጣ ሠራተኛው ደመወዝ አያገኝም፥ ስለዚህ ያማረ ሥዕል መስቀላቸውን አንነቅፍም። የምንለው ያ ሥዕል ብቻውን ቀርቶ መዝገብ ሆኖ እንዳይቆጠር ነው። ሥዕል መዝገብ ሲሆን ምን እንደሚጠቅም ደግሞ ምሳሌ አለን። በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር የመጡት የእንግሊዝ ወታደሮች በትግራይ በኩል ሲያልፉ መልክዓ ምድሩን ፎቶግራፍ አንሥተው ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ ያን ኒሰን የተባለው የቤልጂግ ምሁርና ባልደረቦቹ በነዚያው ቦታዎች ቆመው ዳግመኛ አነሡ። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሕዝቡ ቁጥር እጅግ ቢጨምርም ምድሩ ከዱሮው ይልቅ ዛፍና ቁጥቋጦ እንዳለው ታየ፤ ሰዎቹ በሠሩት እርከንና በከለሉት ተራራ ምክንያት ነው። ድሮ ደን የነበረውን ገበሬው አራቆተው የሚለውን የተለመደ ወሬ ያናወጠው ይህ ነው። ልብ እንበል፤ ይህ ማስረጃ የተገኘው የ1868ቱ ሥዕሎች ስላማሩ ሳይሆን ቦታቸውና ቀናቸው ስለ ታወቀ፥ ድንኳኑንና መንገዱንም ስላልደበቁ ነው።

ለአቢጃታ ዳርቻ እንዲህ ያለ ሥዕል አለን ወይ? ከ1972 ወዲህ የሳተላይት ሥዕል አለ፤ የሐይቁን ስፋት ይነግረናል። ዳርቻው ሲሸሽ በዳርቻው ላይ ማን እንደ ቆመ፥ ምን እንደ ያዘ ግን ከሰማይ አይታይም። ድሮንም ቢሆን ከፍ ባለ ቁጥር ያንኑ ይደግማል። ይህን ሊነግረን የሚችለው በሰው ቁመት ልክ፥ በአንድ ቦታ ላይ፥ በየዓመቱ የሚነሣ ሥዕል ነው። ይህም ለተማሪ ከአቅም በላይ አይደለም። ከአዳማ በአውቶቡስ እስከ ደራ መሄድ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም።

ስለዚህ የጂኦግራፊና የሥነ ጥበብ ተማሪዎች አብረው እንዲሠሩ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከደራ ወደ ድልፈቃር ከሚወስደው መንገድ አንድ ቦታ ተመርጦ ድንጋይ ይተከል። በዚያ ላይ ቆሞ ወደ ጭላሎ ፊትን በማዞር ሥዕል በጥር አንድ ጊዜ፥ በነሐሴ ሁለተኛ ጊዜ ይነሣ፤ ረጅም ሌንስ አይገባበትም። በዚያ ሰዓት ያለፈ ሰው ወይም ከብት ካለ ፈቃዱ ተጠይቆ ይግባ እንጂ እስኪያልፍ አይጠበቅ። ነሐሴ ላይ ተራራው በደመና ተሸፍኖ ባይታይ ሥዕሉ አይጣል። ከሥሩ በሚጻፈው መግለጫ ላይ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የቆሙበት ቦታ፥ ዝናቡ በዚያ ዓመት መቼ እንደ ጀመረ፥ ያለፈውም ሰው ስሙ እንዲጻፍ ከፈቀደ ስሙ፥ ከየት ወዴት ይሄድ እንደ ነበረም ይጻፍ።